ጥፋቱ የልጅቷ አልነበረም

የተከበራችሁ የሙዚቃ መምህራን፣ ርዕሳነ መምህራን፣ ወላጆች፣ በተለይ ደግሞ የንብረት ክፍል ሠራተኞች፦

የንብረት ክፍል ሰዎችን ለይቼ የጠራሁት ላሞካሻችሁ ብዬ አይደለም፤ የዛሬው ነገሬ በአብዛኛው የናንተ ጉዳይ ስለሆነ ነው። ስለ ሙዚቃ ንግግር በተደረገ ቁጥር ስሙ የሚነሣው ዘፋኙ ነው፣ ተጫዋቹ ነው፣ ሲበዛ አስተማሪው ነው። የመጋዘኑን ቁልፍ የያዘውን ሰው የሚያስታውሰው የለም። ዛሬ እሱን እናነሣዋለን።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩት ክላርኔት ነው። ይዤው የመጣሁት ልጫወትላችሁ አይደለም፤ ልናዘዝበት ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና ጀማሪ አስተማሪ ሳለሁ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ እመራ ነበር። ክበቡ በእርዳታ የመጡ ስድስት የትንፋሽ መሣሪያዎች ነበሩት። ክላርኔቱ ለአንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ደረሳት። ዝምተኛ ናት፤ ስትጨነቅ ጥፍሯን ትነክሳለች። የላይኞቹን ድምፆች ደህና አድርጋ ታወጣለች። ወደ ታች ስትወርድ ግን ድምፁ ይታነቅባታል፤ አንዴ ይንጫጫል፣ አንዴ ጭራሽ ይጠፋል። እኔም «ከሆድሽ ንፊ»፣ «ጣትሽን በደንብ ግጠሚ»፣ «ቤትሽም ተለማመጂ እንጂ» እላታለሁ። ሁለት ወር በዚህ አለፈ። አንድ ቀን መሣሪያውን በሳጥኑ አድርጋ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና፣

«ቲቸር፣ እኔ ሙዚቃ አልተሰጠኝም መሰለኝ» አለችኝ።

«አይዞሽ፣ ለሁሉም ሰው አይሰጥም» አልኳት። ያጽናናኋት መስሎኝ ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ ጡረተኛ ሊጠይቁኝ መጡ። ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ወሬ እያወሩ ክላርኔቱን አንሥተው ገጣጠሙት፤ ቁልፎቹን ተራ በተራ ነካ ነካ አደረጉ፤ ከዚያ ከኪሳቸው ሲጋራ አወጡ።

«ጋሼ፣ እዚህ እንኳ አይጨስም» አልኳቸው።

«ማን ሊያጨስ አለህ?» አሉና ሲጋራውን በጥፍራቸው ሰነጠቁት። ትንባሆውን መዳፌ ላይ አራገፉት። ወረቀቷን እንደ ክር አቅጥነው ቀደዷት። አንዱን ቁልፍ ከፍ አድርገው ወረቀቷን ከሥሩ አስገቡ፣ ቁልፉን ለቀቁና ወረቀቷን ሳብ አደረጓት። ያዘች። ቀጣዩን ሞከሩ፤ ያዘች። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ወረቀቷ ምንም ሳይይዛት ሾልካ ወጣች። ደገሙት፤ አሁንም ሾልካ ወጣች። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ።

«ይሄ እኮ የሞተ ነው። ማንን ስታስተምርበት ነበር?»

ለማታውቁት ነገሩ እንዲህ ነው። ክላርኔት ቀዳዳ የበዛበት ቱቦ ነው። ቁልፎቹ ሥር ፓድ የሚባል ነገር አለ፤ ክብ የተጠቀጠቀ ሱፍ ሆኖ ከእንስሳ አንጀት በሚገኝ ስስ ሽፋን የተለበጠ፣ ከአንድ ብር ሳንቲም የማይበልጥ። የእሱ ሥራ ቀዳዳውን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ነው። ዝቅ ያለ ድምፅ ለማውጣት ከላይ እስከ ታች ያሉት ቀዳዳዎች በሙሉ መዘጋት አለባቸው። እንግዲህ ከላይ በኩል አንዷ ፓድ ጠርዟ ተበልቶ ፀጉር የምታህል ክፍተት ከተወች፣ ከሷ በታች ያሉት ድምፆች ሁሉ አብረው ይበላሻሉ። ልጅቷ ታችኛውን ድምፅ ስታጣ ጣቷም ትክክል ነበር፣ ትንፋሿም ትክክል ነበር። አየሩ በሌላ በር እየወጣ ነበር።

ፈልጌ አገኘኋት። መረብ ኳስ ገብታለች። ነገሩን ነገርኳት፤ ይቅርታም ጠየቅኳት። «ግድ የለም ቲቸር» ብላኝ ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች። ግድ እንደነበረው ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

ጎልማሳ ሙዚቀኛ ብልሽት ያለበት መሣሪያ ብትሰጡት ሁለት ድምፅ ነፍቶ «ይሄ ነገር ያስተነፍሳል» ብሎ ይመልስላችኋል። ጀማሪ ልጅ ግን የመሣሪያውን ጉድለት ከራሱ ጉድለት የሚለይበት ምንም መንገድ የለውም። ደህና የሚሠራ ክላርኔት አፉ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ በምን ያወዳድረው? ስለዚህ የተበላሸ መሣሪያ ልጁ ላይ የሐሰት ምስክር ሆኖ ይቆማል። ምስክሩን የሚሞግትለት ጠበቃ የለውም፤ አስተማሪው እንኳ፣ እኔ እንዳደረግሁት፣ ከምስክሩ ጋር ይወግናል። ዛሬ ስለ ጥገና የምናገረው በዚህ ምክንያት ነው። ለልጅ የሙዚቃ መሣሪያ ሰጠነው የምንለው ዕቃውን ባስረከብን ቀን አይደለም፤ መሣሪያው በማይዋሽበት ቀን ሁሉ ነው።

ይህን በከተማ ደረጃ የተረዱ ሰዎች አሉ። ብዙዎቻችሁ ዘመድ ያላችሁበት ከተማ ነው፤ ሎስ አንጀለስ። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በይፋ የተሰየመ ሠፈር ያለበት ከተማ። የከተማዋ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር በተማሪ ብዛት ከኒው ዮርክ ቀጥሎ በአሜሪካ ሁለተኛ ነው። ይህ አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ የተማሪዎቹን የሙዚቃ መሣሪያዎች በነፃ የሚጠግን የራሱ ወርክሾፕ አለው። ልጁም ሆነ ወላጁ ሳንቲም አይከፍልም። ወርክሾፑ የሚያገለግላቸው መሣሪያዎች 80 ሺህ ያህል ናቸው። የሚጠግኗቸው እጆች ግን ጥቂት ናቸው።

የዚህን ወርክሾፕ ታሪክ የሚተርክ 40 ደቂቃ ያህል የሚረዝም ዘጋቢ ፊልም አለ፤ «የመጨረሻው የጥገና ሱቅ» ልንለው እንችላለን። ቤን ፕራውድፉት እና ክሪስ ባወርስ ናቸው ያዘጋጁት፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በአጭር ዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ኦስካር ተሸልሟል። ባወርስ የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ነው፤ ልጅ ሆኖ የተማረው በዚያው ከተማ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ነው። ስሙ ከፍ ካለ በኋላ ካሜራ ይዞ የተመለሰው፣ ፒያኖውን ከጀርባ ሆነው ሲያስተካክሉለት ወደነበሩት ሰዎች ነው።

«የመጨረሻው» የሚለውን ቃል እንያዘው። እንዲህ ያለ ቤት የነበራቸው ሌሎች የአሜሪካ ከተሞችም ነበሩ፤ አብዛኞቹ ዘጉት። ሎስ አንጀለስ ባለችበት በካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1978 ሕዝቡ በድምፁ ያጸደቀው «አዋጅ 13» የሚባል ሕግ የቤትና የመሬት ግብርን ከተገመተው ዋጋ 1 በመቶ ላይ ገደበው። ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው በዚያ ግብር ነበር የሚተዳደሩት። ገንዘቡ ሲደርቅ ሒሳብ ትምህርት አይቆረጥም፣ ቋንቋ አይቆረጥም፤ መቀሱ ሙዚቃና ሥዕል ላይ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ2022 መራጩ እንደገና ወጥቶ «አዋጅ 28»ን አጸደቀ፤ ለሙዚቃና ለሥነ ጥበብ ትምህርት ብቻ የሚውል በጀት በየዓመቱ እንዲመደብ የሚያስገድድ ነው። በተቆረጠውና በተመለሰው መካከል 44 ዓመት አለ። በዚህ መካከል ስንት ልጅ እንደ እኔዋ ተማሪ «አልተሰጠኝም» ብሎ እንደሄደ የሚቆጥር የለም።

የጥገና በጀት ለምን ቶሎ እንደሚቆረጥ ታውቃላችሁ? ቢቆረጥ የሚጮኽ ነገር ስለሌለ ነው። አስተማሪ ቢቀነስ ወላጅ ይሰበሰባል፤ ጣሪያ ቢያፈስ ዝናቡ ይናገራል። የተዘጋ የጥገና ቤት ግን ዝም ነው የሚለው። ክላርኔቱ ያስተነፍሳል፤ ልጁ ይተዋል፤ መሣሪያው መጋዘን ይገባል፤ በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ላይ «የተማሪዎች ፍላጎት በመቀነሱ» ተብሎ ይጻፋል። ማኅተም ይመታበታል፤ ያልቃል።

እስቲ አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። እንዲህ ያለ ወርክሾፕ አራት ክፍል አለው፤ አውታር፣ ነሐስ፣ የእንጨት ትንፋሽ፣ ፒያኖ። ሁሉንም አላስጎበኛችሁም። ሁለት ጠረጴዛ ላይ ብቻ ቆም እንበል።

አንደኛው የቫዮሊን ጠረጴዛ ነው። ቫዮሊን ሆዱ ውስጥ እርሳስ የሚያህል፣ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ዘንግ አለችው። ከላይኛው ገጽ እስከ ጀርባው ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ የአውታሩን ንዝረት ከፊት ወደ ጀርባ የምታሻግረው እሷ ናት። ሙጫ የላትም፣ ምስማር የላትም፤ ተጣብቃ ሳይሆን ተጨንቃ ነው የምትቆመው። ፈረንሳዮችም ጣሊያኖችም ይህችን ዘንግ በየቋንቋቸው «ነፍስ» ነው የሚሏት። ልጁ ቫዮሊኑን ወንበር ላይ ጣል ሲያደርገው ነፍስ ትወድቃለች። ከውጭ ምንም ስብራት አይታይም፤ አውታሩ አለ፣ ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ ድምፁ ግን ከጆንያ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። ጠጋኙ በገጹ ላይ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ጠመዝማዛ ብረት አስገብቶ፣ በመስተዋት እያየ፣ ዘንጓን ያቆማታል። በግማሽ ሚሊ ሜትር ብትዛነፍ ድምፁ ይለወጣል። ይህን ሥራ ከመጽሐፍ አንብቦ የሚችል የለም፤ ከሚችል ሰው አጠገብ ቆሞ በማየት ነው የሚለመደው።

የቫዮሊን ሠሪዎች ሙጫም አንድ ነገር ያስተምራል። ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚቀቀል ነው። በዘመናችን ከእሱ የጠነከረ ማጣበቂያ በየሱቁ ሞልቷል፤ ባለሙያው ግን አይነካውም። የድሮው ሙጫ በሙቀትና በእርጥበት ይለቃል፤ ነገ ሌላ ጠጋኝ ያለ ስብራት ከፍቶ ሊጠግነው ይችላል። በሱፐር ግሉ የተለጠፈ ቫዮሊን ግን ዳግመኛ ሲከፈት እንጨቱን ይዞ ነው የሚገነጠለው። ጥሩ ጥገና ከኋላ ለሚመጣው ጠጋኝ በር ትቶ የሚሄድ ነው።

ሁለተኛው የነሐስ ጠረጴዛ ነው። ከንፈር የሚያርፍበት ማውዝፒስ ትራምፔቱ ውስጥ ተቀርቅሮ እምቢ ሲል ልጁ ለአባቱ ይሰጣል። አባት ፒንሳ ያመጣል። እዚህ ያላችሁ አባቶች አትሳቁ፤ በዓለም ላይ ያሉ አባቶች ሁሉ ፒንሳ ነው የሚያመጡት። ማውዝፒሱ የገባበት ቱቦ እንደ ጣሳ የሳሳ ነሐስ ስለሆነ ከማውዝፒሱ በፊት ተጠምዝዞ የሚሰበረው እሱ ነው። ለዚህ የተሠራች ትንሽ መሣሪያ አለች፤ ሁለቱን ጎን ይዛ እኩል እየገፋች ማውዝፒሱን ታስወጣለች። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ከፒንሳው በኋላ ግን የቀናት ሥራ ይሆናል፤ ቱቦውን በእሳት ማላቀቅ፣ ማቃናት፣ በስታኞ መልሶ መበየድ። ከትምህርት ቤት የሚመጣ ብልሽት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ ከመጀመሪያው ጥፋት ይልቅ «እስቲ እኔ ልሞክረው» የተባለበት ይከፋል።

እንግዲህ ወደ ወርክሾፑ ኃላፊ እንምጣ፤ የዛሬው ሰውዬ እሱ ነውና። የጠጋኙን ሙያ ዓይን ያየዋል። ኃላፊው ግን ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል? ፊርማ? ስብሰባ? ስለዚህ ሥራ ባሰብኩ ቁጥር አምስት ነገሮች ይታዩኛል።

አንደኛው ተራ መስጠት ነው። ጠረጴዛው ላይ አርባ ቫዮሊን ካለው ትምህርት ቤት የመጡ ሦስት ቫዮሊኖች አሉ፤ አጠገባቸው አንድ ብቻ ካለው ትምህርት ቤት የመጣ ቱባ አለ። ማን ይቅደም? ቱባው ከሦስቱ ቫዮሊን በላይ ጊዜ ይፈጃል። ቢሆንም ቱባው ይቅደም፤ የቱባው ልጅ ምትክ የለውማ። ደግሞ የቀን መቁጠሪያ አለ። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ትልልቅ ኮንሰርት የሚያቀርቡት በታኅሣሥና በግንቦት ገደማ ነው። በኮንሰርቱ ማግስት የተመለሰ ትራምፔት፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የጩኸት ነገር ነው። በየማለዳው የሚደውል ርዕሰ መምህር ያለው ትምህርት ቤት ሁልጊዜ ቀድሞ ይስተናገዳል። የድሃ ሠፈር ትምህርት ቤት መብቱን ስለማያውቅ አይደውልም፤ አስተማሪው በየዓመቱ ስለሚቀየር የላከውንም ዕቃ አያስታውስም። ጎበዝ ኃላፊ ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ደወለ?» ብሎ አይደለም፤ «የነማን ድምፅ ጠፋ?» ብሎ ነው።

ሁለተኛው ወረቀቱ ነው። መሣሪያው ላይ የሚንጠለጠለው ካርድ «አይሠራም» የሚል ከሆነ ጠጋኙን አልረዳነውም። «ከመካከለኛው ፋ በታች ይታነቃል፤ ጠዋት ይብሳል» የሚል ከሆነ ግማሹ ጥገና አልቋል። እኛ አገር ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 የሚባሉ ቅጾች አሉን፤ ንብረት ሲገባና ሲወጣ ይሞላሉ። ዕቃው መኖሩን ይነግሩናል። ደህና መሆኑን የሚጠይቅ ቦታ ግን የላቸውም። በመዝገብ ያለ፣ በጆሮ የሌለ ስንት መሣሪያ አለን?

ሦስተኛው «በቃው» ማለት ነው። ጥገናው ከዕቃው ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ያኔ መሣሪያው ይፈታል፤ ሞላው፣ ብሎኑ፣ ቁልፉ፣ ቡሹ ለሌላው ይተርፋል። ከሁለት የሞቱ ክላርኔቶች አንድ ሕያው ይወጣል። እኛ ዘንድ ይህን ማድረግ ያስፈራል፤ ቁጥር የተለጠፈበትን የመንግሥት ንብረት ማን ደፍሮ ይፈታል? የአስወጋጅ ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ሁለቱም ክላርኔቶች በአንድ መደርደሪያ ላይ አብረው ይበሰብሳሉ። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። የንብረት ሠራተኛው ነገ ኦዲተር መጥቶ «ሁለተኛው የት ሄደ?» ቢለው መልስ የሚሆነው ወረቀት የለውም። ጥፋቱ የሰውየው ሳይሆን የደንቡ ነው፤ ደንቡን ደግሞ ሰው ነው የጻፈው።

አራተኛው እጅ መተካት ነው። ሠላሳ ዓመት የቫዮሊን ነፍስ ሲያቆም የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ወንበሩን ማስታወቂያ አውጥቶ መሙላት ይቻላል። እጁን ግን አይቻልም። ኃላፊው ከዓመታት በፊት ከጎኑ አንድ ወጣት ካላስቀመጠ ሙያው በሽኝቱ ኬክ ቀን አብሮ ይሸኛል። እኛ ይህን የምናጣው በሌላም መንገድ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ ማሲንቆ የሚመታውን ለዘመናት በአንድ ዓይን ስናይ ኖረናል፤ መልካም ዓይንም አልነበረም። የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ የእጅ ሠሪውንም የሙዚቀኛውንም ንቀት ደርቦ የሚሸከም ነው። ልጁ ጠጋኝ እንዲሆንለት የሚመኝ አባት ካላፈራን ወርክሾፕ ብንከፍትም የሚገባበት አናገኝም።

አምስተኛው፣ ሳይነፋ አይወጣም። የተጠገነ መሣሪያ ሁሉ ከመሸኘቱ በፊት ከጠገነው ሰው ሌላ አንድ ሰው ከታች እስከ ላይ ይሞክረዋል። ጠጋኙ የራሱን ሥራ ሲሞክር ጆሮው ያደላለታል።

የሎስ አንጀለሱን ወርክሾፕ ለዓመታት የመራው ስቲቭ ባግማንያን ይባላል። የፒያኖ ባለሙያ ነው። ፒያኖ 88 ቁልፍ ይዞ ወደ 230 አውታር አለው፤ የሁሉም ውጥረት ቢደመር ከ15 ቶን ያልፋል። ይህን ክብደት በአንዲት መፍቻና በጆሮ ልክ የሚያስይዝ ሰው ነው ኃላፊ የሆነው፤ ደህና ምርጫ ይመስለኛል። ባግማንያን አርመናዊ ነው፤ ከአዘርባጃን። በሶቪየት ኅብረት ማብቂያ ዘመን በአርመኖች ላይ በተነሣው ጥቃት ተሰድዶ ነው አሜሪካ የገባው። ከነሐስ ክፍሉ ባለሙያዎች አንዷ ፓቲ ሞሬኖም ከሜክሲኮ የሄደች፣ ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገች እናት ናት።

አርመን፣ ስደት፣ የሙዚቃ መሣሪያ። ይህን ሦስት ቃል ስሰማ እኔ ሎስ አንጀለስ ላይ አልቆምም፤ አዲስ አበባ እመጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ በዚያ ዘመን በሕዝባቸው ላይ ከደረሰው እልቂት የተረፉ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ባንድ ሲጫወቱ ሰሙ። አርባዎቹን ወደ አገራችን አመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» የምንላቸው እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፤ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ሙዚቀኞችን ሲያሠለጥን ኖረ። በዘመናዊ ሙዚቃችን ነሐስ ውስጥ ቤታቸው የተቃጠለባቸው ልጆች ትንፋሽ አለ። መሬት ይቀማል፣ ቤት ይቃጠላል፣ ሰነድ ይጠፋል። እጅ ውስጥ ያለ ሙያን ግን የድንበር ጠባቂ ፈትሾ አያስቀረውም። 

ስለዚህ ምን እናድርግ? ነገ የሎስ አንጀለስን የሚያህል ወርክሾፕ እንክፈት አልልም፤ ይህ ዲስኩር ነው እንጂ የምርጫ ቅስቀሳ አይደለም። ግን ከኛው እጅ የሚጀመር ነገር አለ። የቫዮሊን ቀስት ከ150 በላይ በሆኑ የፈረስ ጭራ ፀጉሮች ነው የሚወጠረው። የማሲንቆ አውታርስ ከምንድን ነው? ከዚያው ከፈረስ ጭራ። ለማሲንቆው ጭራ መርጦ፣ አጥቦ፣ አስተካክሎ የሚወጥር ሰው ዛሬም በየከተማችን አለ። ያን ሰው የቫዮሊን ቀስት መሙላት ለማስተማር ስንት ቀን ይፈጃል? ክራር የሚሠራው የእንጨት ሥራ ያውቃል፤ ወርቅ ሠሪው ስታኞ ያውቃል፤ ሰዓት ጠጋኙ ለክላርኔት ብሎን የሚሆን ካቻቪቴ ዛሬም ኪሱ ውስጥ አለው። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይባል የለ? ሠሪዎቹ አሉ፤ የሚሰበስባቸውና ተራ የሚሰጥ አንድ ኃላፊ ነው የጎደለው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናለሁ። በየክፍለ ከተማው አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ደብተር ይኑረን፤ የሙዚቃ መሣሪያ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ዕቃቸውን ወደዚያ ይላኩ። መሣሪያ በተገዛ ወይም በእርዳታ በመጣ ቁጥር መለዋወጫውና የጥገናው ገንዘብ በአንድ ሰነድ ላይ አብሮ ይፈረም፤ ፓድ የሌለው ክላርኔት መቀበል ጎማ የሌለው መኪና እንደ መቀበል ይቆጠር። ሦስተኛው ለንብረት ክፍል ሰዎች ነው፤ መዝገባችሁ ላይ አንድ አምድ ጨምሩልን። «ብዛት» እና «ዋጋ» ከሚሉት ቀጥሎ «መቼ ተሞከረ?» የሚል። ሌላ አልጠይቃችሁም።

ወደ ልጅቷ ልመለስና ልጨርስ። ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። ሙዚቀኛ ትሆን ነበር ብዬ አላጋንንም፤ ላትሆንም ትችላለች። መረብ ኳሱንም ወዳው ይሆናል። ሰው የሚወደውን ቢመርጥ ምንም የለበትም፤ እሷ ግን አልመረጠችም፤ ጠርዟ የተበላች ፓድ ናት የመረጠችላት። እኔ ደግሞ ፈረምኩበት።

ይህ ክላርኔት ያው ራሱ ክላርኔት ነው። ትምህርት ቤቱ ሲያስወግደው በጨረታ ገዛሁት፤ ጋሼ ፓዷን ቀየሩልኝ፤ አሁን ይናገራል። እዩት፤ ወረቀቷን አስገባሁ፣ ቁልፉን ለቀቅሁ፣ ሳብኳት። ያዘች።

ስትወጡ በሩ አጠገብ አንድ ሣጥን ታገኛላችሁ። ውስጡ እንዲህ የተቀደዱ ስስ ወረቀቶች አሉ። አንዳንድ ውሰዱና በየኪሳችሁ ያዙ። ነገ አንድ ልጅ መሣሪያውን ጠረጴዛችሁ ላይ አስቀምጦ «አልተሰጠኝም መሰለኝ» ሲላችሁ፣ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ወረቀቷን አውጡ።